አድራሻ ሲቀየር ተቀባዩ እንዳይጠፋ

የኢሜይል አድራሻ ሁለት ክፍል አለው። ከ@ ምልክት በስተቀኝ ያለው ዶሜን ነው፤ መልእክቱ ወደየትኛው ተቋም ሰርቨር እንደሚሄድ ይናገራል። በስተግራ ያለው የሰው ወይም የሥራ ክፍል ስም ነው፤ መልእክቱ እዚያ ከደረሰ በኋላ በማን ሳጥን እንደሚገባ ይወስናል። ቀኙን ክፍል ዓለም ሁሉ ሊያጣራው ይችላል። ግራውን የሚያውቀው ግን የዶሜኑ ባለቤት ሰርቨር ብቻ ነው። አልማዝ የምትባል ሠራተኛ በተቋሙ ውስጥ መኖር አለመኖሯን ውጭ ያለ ሰው የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለም፤ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ሰርቨሩም እውነቱን መመለስ አለበት።

ተቋሙ አንድ ዶሜንና አንድ ሰርቨር ብቻ ካለው ይህ ቀላል ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው ተቋሙ ስሙን ሲቀይር፣ ከሌላ ጋር ሲዋሐድ ወይም የኢሜይል አገልግሎቱን ከራሱ ግቢ ወደ ክላውድ ሲያዛውር ነው። ያኔ አሮጌና አዲስ ዶሜን ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሰርቨሩም በአንዱ የመጣውን አድራሻ ወደ ሌላው መቀየር ይጠበቅበታል። አድራሻ መቀየርና ተቀባይ ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው በግድየለሽነት ከተሠራ ሁለተኛውን ድምፅ ሳያሰማ ያፈርሰዋል።

የአድራሻ ቅየራ ከኢሜይል ጋር አብሮ ያደገ ነገር ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሬይ ቶምሊንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 የተጠቃሚውን ስም ከኮምፒውተሩ ስም ለመለየት የ@ ምልክትን ሲመርጥ መልእክቱ የሚጓዘው የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው በአርፓኔት ላይ ብቻ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን የአድራሻ አጻጻፋቸው የማይገጥም ልዩ ልዩ ኔትወርኮች ተፈጠሩ። አንዳንዶቹ መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ኮምፒውተሮች ሁሉ በቃለ አጋኖ እየለዩ በተርታ ያስጽፉ ነበር። ኤሪክ ኦልማን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1983 ከበርክሊው ዩኒክስ ጋር የተሠራጨው ሴንድሜይል የተባለ የኢሜይል ሶፍትዌር እነዚህን አጻጻፎች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለውጥ የራሱ የሕግ ቋንቋ ነበረው። ሕጎቹ ለማንበብ እጅግ አስቸጋሪ ነበሩ፤ ያለ እነርሱ ግን የአንዱ ኔትወርክ ሰው ለሌላው ኔትወርክ ሰው መጻፍ አይችልም ነበር። ቀስ በቀስ አድራሻ አንድ ወጥ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1982 ጆን ፖስቴል ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበትን የኤስኤምቲፒን ደንብ ጻፈ፤ በ1983 የዶሜን ስሞች የሚፈለጉበት ዲኤንኤስ መጣ፤ በ1986 ደግሞ የአንድን ዶሜን መልእክት የትኛው ሰርቨር እንደሚቀበል የሚናገረው የኤምኤክስ መዝገብ ተደነገገ። ቅየራ ግን ከዚያም በኋላ አልቀረም። ቀድሞ ያስፈለገው ኔትወርኮች ስለሚለያዩ ነበር፤ ዛሬ የሚያስፈልገው ተቋማት ስለሚለዋወጡ ነው።

እያንዳንዱ ኢሜይል አድራሻን በሁለት ቦታ ይይዛል። አንባቢው በስክሪኑ ላይ የሚያየው «ከ» እና «ለ» የሚለው ራስጌ ነው። ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ግን ሌላ ነው፤ ፖስታው ይባላል፣ ለተጠቃሚው አይታይም። ላኪው ሰርቨር ግንኙነት ከከፈተ በኋላ «ሜይል ፍሮም» ብሎ የላኪውን አድራሻ ይሰጣል። ቀጥሎ «አርሲፒቲ ቱ» ብሎ ተቀባዩን ይጠራል። ሲፈቀድለት ብቻ «ዳታ» ብሎ ራስጌውንና የደብዳቤውን ይዘት ያስተላልፋል። በፖስታውና በራስጌው ላይ ያሉት አድራሻዎች አንድ እንዲሆኑ አይገደዱም፤ በስውር ቅጂ የተላከለት ሰው ስሙ በራስጌው ላይ የለም፣ በፖስታው ላይ ግን አለ።

ተቀባዩ ሲጠራ የሚሰጠው መልስ ባለ ሦስት አኃዝ ኮድ ነው። 250 ተቀብያለሁ ማለት ነው። በ4 የሚጀምር ኮድ፣ ለምሳሌ 450፣ ለጊዜው አይሆንም፣ ቆይተህ ሞክር ይላል። በ5 የሚጀምረው፣ ለምሳሌ 550፣ ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው፤ ከጎኑ 5.1.1 የሚል ዝርዝር ኮድ ካለ በዚህ ስም የሚታወቅ ተቀባይ የለም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታደሰው የኤስኤምቲፒ ደንብ መልእክት የተቀበለን ሰርቨር በከባድ ግዴታ ያስራል፦ ወይ ያደርሰዋል፣ ወይ አለመድረሱን ለላኪው ያሳውቃል።

ሰርቨሩ በዚህ ጊዜ ያለበት ሁኔታ ከመሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጋር ይመሳሰላል። ደብዳቤ ያመጣው ሰው መስኮቱ ፊት ቆሞ ሳለ «እንዲህ የሚባል ሠራተኛ እዚህ የለም» ቢባል ነገሩ እዚያው ያልቃል። መዝገብ ቤቱ ፈርሞ ከተቀበለ በኋላ ግን ባለቤቱን መፈለግ፣ ሲታጣም ላኪውን አፈላልጎ መመለስ የራሱ ዕዳ ይሆናል። በፖስታው ላይ የተጻፈው የመመለሻ አድራሻ ሐሰተኛ ከሆነ ደብዳቤው የሚመለሰው ምንም ለማያውቅ ሰው ነው። አይፈለጌ መልእክት የሚያሠራጩ ሰዎች ደግሞ የሌላ ሰው አድራሻ በላኪነት መጻፍ ልማዳቸው ነው። ስለዚህ የሌለ ተቀባይ እምቢ የሚባልበት ትክክለኛ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ «አርሲፒቲ ቱ» በተባለበት ቅጽበት፣ ላኪው ገና ከበሩ ሳይርቅ።

የቅየራው አሠራር በፖስትፊክስ ላይ በደንብ ይታያል። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ዊትሴ ቬኔማ በአይቢኤም ሳለ ጽፎት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1998 በነፃ የተለቀቀው ይህ ሶፍትዌር ዛሬም በብዙ ተቋማት በር ላይ ቆሞ የሚሠራ ነው። በውስጡ ሥራቸው የሚቀራረብ፣ ግን ፈጽሞ አንድ ያልሆነ ሠንጠረዦች አሉት። ካኖኒካል የሚባለው የላኪንም የተቀባይንም አድራሻ በፖስታውም በራስጌውም ላይ ይቀይራል፤ ከውጭ የመጣን መልእክት ራስጌ ግን ካልታዘዘ በቀር አይነካም። ቨርቹዋል ኤሊያስ የሚቀይረው የፖስታውን ተቀባይ ብቻ ነው። ጀነሪክ መልእክቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ብቻ ይሠራል፤ በውስጥ ብቻ የሚታወቅ አድራሻን የውጭ ሰው መልስ ሊጽፍበት ወደሚችለው ይለውጣል። ትራንስፖርት አድራሻን አይነካም፤ መልእክቱ በየትኛው ሰርቨር በኩል ይለፍ የሚለውን ብቻ ይወስናል። ገቢ መልእክትን ወደ አዲስ ዶሜን ለማዞር ቨርቹዋል ኤሊያስ ይበቃል። ለዚሁ ሥራ ካኖኒካልን ማንሳት የላኪዎችንም ስም ሳያስቡት መቀየር ነውና ባይለመድ ይሻላል።

ፖስትፊክስ ከዚህ ሌላ እያንዳንዱን ዶሜን በአንድ መደብ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የማሽኑ የራሱ ተጠቃሚዎች ያሉበት፣ ወደ ሌላ አድራሻ ብቻ የሚያዞር፣ የራሱ ሳጥኖች ያሉት፣ ወይም ተቀብሎ ለሌላ ሰርቨር የሚያቀብል። እያንዳንዱ መደብ የራሱ የተቀባዮች ዝርዝር አለው። አንድ ዶሜን በስህተት በሁለት መደብ ከተጻፈ ሰርቨሩ የሚያየው አንዱን ዝርዝር ነው፤ በሌላው ዝርዝር ያሉት ሠራተኞች እያሉ «የሉም» ይባላሉ። ይህ ስህተት በሰርቨሩ የሥራ መዝገብ (ሎግ) ላይ በግልጽ ማስጠንቀቂያ ይወጣበታል፤ ሎግ የሚያነብ ሰው ካለ በደቂቃዎች የሚፈታ ነው።

ከባዱ ስህተት ማስጠንቀቂያ የማይወጣበት ነው። ተቋሙ ከአሮጌው ዶሜን ወደ አዲሱ ይሻገራል። በሩ ላይ ፖስትፊክስ አለ፤ የሠራተኞች ሳጥን ያለው ከኋላው በሚገኝ ሌላ ሰርቨር ላይ ነው። አስተዳዳሪው የብዙ መቶ ሰዎችን ስም መዘርዘር ስለሚከብደው በቨርቹዋል ኤሊያስ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ መስመር ይጽፋል፦ በአሮጌው ዶሜን የመጣ ማንኛውም ስም፣ ስሙ እንዳለ ሆኖ፣ ወደ አዲሱ ዶሜን ይዙር። በአልማዝ ስም ይሞክራል፤ ይደርሳል። በከበደ ስም ይሞክራል፤ ይደርሳል። ሥራው ያለቀ ይመስላል።

በበሩ ላይ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ፖስትፊክስ ተቀባይ ሲጠራለት በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ይመረምራል፤ ከሚመረምራቸው ውስጥም ካኖኒካልና ቨርቹዋል ኤሊያስ ይገኙበታል። በእነዚህ ውስጥ የተገኘ ስም እንደሚታወቅ ተቀባይ ይቆጠራል። ማንኛውም ስም የሚለው መስመር ለየትኛውም ጥያቄ «አዎ፣ አለ» የሚል መልስ ነው። በዘፈቀደ የተፈጠረ ስም ሲመጣ ሰርቨሩ 250 ብሎ ይቀበላል፣ አድራሻውን ይቀይራል፣ ለውስጠኛው ሰርቨር ያቀብላል። ውስጠኛው እውነተኛው ዝርዝር ስላለው 550 ብሎ ይመልሰዋል። የበሩ ሰርቨር አሁን ኃላፊነቱን ወስዷል፤ ለላኪው የተመላሽ መልእክት መጻፍ ግድ ይሆንበታል። የሚጽፈው ግን ስሙ ለተሰረቀ፣ ምንም ላልላከ ሰው ነው።

ባለሙያዎች ይህን ባክስካተር ይሉታል። በቀን አንድ ሁለት ቢሆን ባልከፋ፤ አይፈለጌ መልእክት አሠራጮች ስሞችን በገፍ እየገመቱ ስለሚልኩ በሺህ የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። የመመለሻ አድራሻው የማይሠራ ከሆነ ተመላሹ ራሱ በወረፋው ላይ ይከማቻል፤ ፖስትፊክስ ካልታዘዘ በቀር ለ5 ቀን ደጋግሞ ይሞክራል። በመጨረሻ የተቋሙ ሰርቨር በጥቁር መዝገብ ይገባና የአልማዝና የከበደ ትክክለኛ ደብዳቤዎች በሌሎች ዘንድ ተቀባይነት ያጣሉ። እውነተኛ አድራሻዎች ሁሉ በደንብ ስለሚሠሩ እስከዚያ ድረስ ቅሬታ የሚያቀርብ ሠራተኛ የለም። ቅየራን በእውነተኛ ስም ብቻ መፈተን ፈተና አይደለም፤ በሌለ ስም መፈተን የግድ ነው።

መንስኤውን ፍለጋ ከሎጉ ይጀምራል። ፖስትፊክስ ለእያንዳንዱ መልእክት የመጨረሻውን ተቀባይ ይጽፋል፤ አድራሻው ተቀይሮ ከሆነም የመጀመሪያውን በጎኑ ያኖራል። ሁለቱን ማስተያየት ቅየራው በምን ላይ እንደተፈጸመ ያሳያል። እምቢታው የማን እንደሆነም እዚያው ይታያል። መስመሩ «ኖኪው» ብሎ ከጀመረ መልእክቱ ወረፋ ሳይገባ በራሱ በር ላይ ተመልሷል፤ ጤናማው ይህ ነው። ሌላ ሰርቨር 550 አለኝ የሚል ከሆነ ግን በሩ ተቀብሎ ከውስጥ ተመልሶበታል፤ ችግሩ ያለው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ሠንጠረዡ ራሱ ይጠየቃል። ፖስትማፕ የሚባለው ትእዛዝ አንድ አድራሻ ሲሰጠው ሠንጠረዡ ምን እንደሚመልስ ያሳያል። የሌለ ስም ተሰጥቶት ባዶ ከመለሰ መልካም ነው፤ አንዳች አድራሻ ከመለሰ ጥፋተኛው መስመር ተገኘ። ሠንጠረዡ የጽሑፍ ፋይል ከሆነ ፋይሉን ካስተካከሉ በኋላ በዚሁ ትእዛዝ እንደገና መገንባቱ አይዘንጋ፤ የታረመ ፋይልና ያልታረመ ሠንጠረዥ ይዞ ሰዓታት መፈለግ የተለመደ ድካም ነው። የመጨረሻው ሙከራ ከተቋሙ ኔትወርክ ውጭ ሆኖ ሰርቨሩን በእጅ ማነጋገር ነው። ከውስጥ የመጣ ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ እንደታመነ ስለሚቆጠር ለውጭ ሰው የሚሠራውን ቁጥጥር ሳያይ ያልፋል፤ ከውስጥ የተገኘ መልካም ውጤት ስለ ውጭው ብዙ አይናገርም።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ቀላሉ ነው፤ ማንኛውም ስም የሚለውን መስመር አጥፍቶ እያንዳንዱን ሰው በየራሱ መስመር መጻፍ። በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። የሠራተኞች ዝርዝር በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ወይም በሌላ ኤልዳፕ ማውጫ ውስጥ ካለ ሠንጠረዡን በየሌሊቱ ከዚያ የሚያወጣ አጭር ስክሪፕት ይበቃል፤ ፖስትፊክስ ማውጫውን በቀጥታ እንዲጠይቅ ማድረግም ይቻላል። ዶሜኑ ለሌላ ሰርቨር በሚቀበልበት መደብ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሪሌይ ሪሲፒየንት የሚባለው ዝርዝር መሞላት አለበት። ይህ ዝርዝር ሲመጣ ባዶ ነው፤ ባዶ ሲሆንም ሁሉንም ተቀበል ማለት ነው። ብዙ ሰው ባዶ ዝርዝር ማንንም አያስገባም ብሎ ስለሚያስብ እዚህ ይሳሳታል።

ዝርዝሩን ማግኘት የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ ውስጠኛው ሰርቨር የሌላ ድርጅት ሲሆን። ለዚህ ፖስትፊክስ ከ2.1 እትሙ ጀምሮ የመጠይቅ ዘዴ አለው። ተቀባይ ሲጠራለት ወደ ውስጠኛው ሰርቨር ደውሎ ያንኑ ስም ይጠይቃል፤ ደብዳቤ ሳያስተላልፍ መልሱን ብቻ ይዞ ይመለሳል። አዎንታውን ለ31 ቀን፣ አሉታውን ለ3 ቀን በመረጃ ቋቱ ያስቀምጣል፤ በየመሐሉም ያድሰዋል። መጀመሪያ ሲበራ ያልታወቀን ተቀባይ በ450 ነው የሚመልሰው፤ ይህ ለፈተናው ወቅት ጥሩ ጥንቃቄ ነው፣ ስህተት ቢኖር መልእክት አይጠፋምና። አሠራሩ ከታመነበት በኋላ ወደ 550 መለወጥ ይገባል፤ አለዚያ ላኪዎች ለቀናት በከንቱ ይመላለሳሉ። መጠይቁ የሌሎችን ዶሜን እየዞረ እንዳይጠይቅ ባዕድ ዶሜንን ከሚከለክለው ሕግ በኋላ ይቀመጥ። ውስጠኛው ሰርቨር ራሱ ማንንም የሚቀበል ከሆነ ግን መጠይቁ ከንቱ ነው። በማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅም ይኸው ልዩነት አለ፦ ዶሜኑ ሙሉ ሥልጣን ያለበት ተብሎ ከተመዘገበ ያልታወቀ ስም በበሩ ሊመለስ ይችላል፤ የውስጥ አቀባይ ተብሎ ከተመዘገበ ግን ያልታወቀውን ለሌላ ሰርቨር ያሳልፋል።

ለዋናው ሰርቨር መጠባበቂያ ሆኖ በኤምኤክስ መዝገብ ላይ የተጻፈ ሁለተኛ ሰርቨርም ተመሳሳይ ዝርዝር ሊኖረው ይገባል። አይፈለጌ መልእክት አሠራጮች ቁጥጥሩ የሚላላው በመጠባበቂያው ላይ መሆኑን ያውቃሉና ዋናው እየሠራ ሳለ ሆን ብለው በዚያ በኩል ይገባሉ። ዝርዝር የሌለውን መጠባበቂያ ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል፤ ላኪ ሰርቨሮች ዋናው ለጊዜው ቢወድቅ ቆይተው መሞከራቸው አይቀርም።

ሽግግሩ ገና በመሐል ሳለ የሚመጣው ችግር ደግሞ ዙሪት ነው። ገሚሱ ሠራተኛ በአሮጌው ሰርቨር፣ ገሚሱ በአዲሱ ይሆናል። አሮጌው ያላወቀውን ስም ወደ አዲሱ እንዲያሳልፍ፣ አዲሱም ያላወቀውን ወደ አሮጌው እንዲያሳልፍ ይታዘዛል። ለእውነተኛ ስሞች ይህ ይሠራል፤ በሁለቱም ዘንድ የሌለ ስም ሲመጣ ግን መልእክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። የሚያልፍበት እያንዳንዱ ሰርቨር በራስጌው ላይ አንድ «ሪሲቭድ» መስመር ስለሚጨምር ፖስትፊክስ 50 ሲሞላ ያቆመዋል፤ ከዚያም የተለመደው የተመላሽ መልእክት ይወጣል። መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን የመጨረሻ ዳኛ ማድረግ ነው። ሙሉውን ዝርዝር አንዱ ይያዝ፤ እርሱ ያላወቀው ስም የለም ተብሎ ይመለስ።

ተቀይሮ ወደ ሌላ ተቋም ሰርቨር የሚሄድ መልእክት ሌላ መሰናክል አለበት። ኤስፒኤፍ፣ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2014 የጸደቀው፣ በአንድ ዶሜን ስም መላክ የሚችሉት የትኞቹ ሰርቨሮች እንደሆኑ ያሳውቃል። መልእክቱን ተቀብሎ የሚያዞረው ሰርቨር በዋናው ላኪ ዝርዝር ላይ ስለሌለ ፈተናውን ይወድቃል። ኤስአርኤስ የሚባለው ዘዴ የፖስታውን ላኪ ወደ አዟሪው ዶሜን በመቀየር ይህን ያልፋል፤ ተመላሽ ቢመጣም ወደ ዋናው ላኪ የሚያደርስ ምልክት በአድራሻው ውስጥ ያኖራል። ዲኪም የሚባለው ዲጂታል ፊርማ ደግሞ የተፈረመው ራስጌና ይዘት ካልተነካ ማዞርን ይቋቋማል። ራስጌውን በካኖኒካል መቀየር ወይም ከግርጌ ማስታወሻ መለጠፍ ግን ፊርማውን ይሰብረዋል። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በላኪዎች ላይ ጠንከር ያለ መስፈርት ስላወጡ የሌላ ሰው ደብዳቤ ሲያዞሩ ራስጌውን አለመንካት ዛሬ የግድ ሆኗል።

ለአማርኛ ተጠቃሚዎች ደግሞ የራሳቸው ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ደንብ ከ@ በስተግራ ያለውም ክፍል በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ ይፈቅዳል፤ ፖስትፊክስም በ2015 በወጣው 3.0 እትሙ ይህን ተቀብሏል፤ የሚገናኙት ሰርቨሮች ሁሉ መደገፍ ግን አለባቸው። ሰርቨር የሚያስተያየው ፊደልን እንጂ ድምፅን አይደለም። «ፀሐይ» ተብላ የተመዘገበች ሠራተኛ «ጸሀይ» ተብሎ ሲጻፍላት ለሰርቨሩ ሌላ ሰው ናት፤ 550 ይመልሳል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የግዕዝ አድራሻ የሚሰጥ ተቋም የስሙን የተለመዱ አጻጻፎች ሁሉ እየዘረዘረ ወደ አንዱ ሳጥን ማዞር አለበት፤ እዚህም ቢሆን ዝርዝር እንጂ ማንኛውም ስም የሚል መስመር አይሆንም።

ተቀባይን በበሩ ላይ ማረጋገጥ አንድ ዋጋ ያስከፍላል። ስም እየገመተ የሚጠይቅ ሰው የትኞቹ ሠራተኞች እንዳሉ ከመልሱ ይረዳል። በጥንቱ ደንብ ውስጥ የነበረውና ስምን ለማጣራት ብቻ የተሠራው «ቪአርኤፍዋይ» ትእዛዝ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የተዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ሁሉንም ተቀብሎ ንጹሐንን ከማስቸገር ይህ ይቀላል፤ በአንድ ግንኙነት ውስጥ ስህተት የሚያበዛውን ማቋረጥ ግምቱን ያዘገየዋል።

አሮጌው ዶሜን የሚሰናበትበት ጊዜም ይመጣል። በፖስትፊክስ ሪሎኬትድ የሚባለው ሠንጠረዥ ለላኪው የሰውዬውን አዲስ አድራሻ እየነገረ በ5.1.6 ኮድ ይመልሳል፤ ሰዎች አዲሱን እስኪለምዱ ይህ ለወራት ቢቆይ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደነገገውን ባዶ ኤምኤክስ መዝገብ ማስፈር ዶሜኑ ኢሜይል እንደማይቀበል ለዓለም ያሳውቃል፤ ላኪ ሰርቨሮችም በከንቱ አይጠብቁም። የዶሜኑን ምዝገባ ግን በየዓመቱ እየከፈሉ ማደስ ያስፈልጋል። ጊዜው ካለፈበት ማንም ገዝቶ በስሙ የሚመጣውን ደብዳቤ፣ የባንክ ማሳወቂያና የይለፍ ቃል መቀየሪያ ሊንክ ሳይቀር፣ መቀበል ይችላል።